ተጠየቅ፣ ልጠየቅ

አያቴ ጠበቃ አልነበሩም፤ ነገር አዋቂ ነበሩ። ጠበቃነት በወረቀት የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ነገር አዋቂነት ግን አገር በአፉ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። የወሰን ጠብ ወይም የውርስ ክርክር የገጠመው ሰው ጎሕ ሳይቀድ ከደጃቸው ይደርስና “አባባ፣ ዛሬ ካልቆሙልኝ ጠፋሁ” ይላቸው ነበር አሉ። እኔ የደረስኩባቸው አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ከምድጃ ዳር ሲውሉ ነው። የጥንቱን ሙግታቸውን ሲተርኩልን ግን እርጅናው ይተዋቸዋል። ከመደቡ ይነሣሉ፤ ነጠላቸውን ያደገድጋሉ፤ ምርኩዛቸውን ወደ ፊት ሰብቀው ባዶውን ግድግዳ “ተጠየቅ!” ይሉታል። ግድግዳው ዝም ሲል ራሳቸው ድምፃቸውን ለውጠው “ልጠየቅ!” ብለው ይመልሳሉ። እኛ ልጆቹ እንስቃለን። ከሙግቶቻቸው ሁሉ ግን ለረጅም ዘመን ያልተረኩልን አንድ ነበር። የእርሱን ነገር ለመጨረሻው አቆየዋለሁ።

ዘመን አልፎ የፍልስፍና መጻሕፍትን ማገላበጥ ስጀምር ያ የአያቴ ቃል ካልጠበቅሁት ሥፍራ ቆሞ አገኘሁት። ሎጂክ የሚባለውን ጥበብ በአማርኛ ለመጥራት ጸሐፊዎቻችን ሁለት ቃላት ይጠቀማሉ። አንዱ “አመክንዮ” ነው፤ ከ“ምክንያት” ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሁለተኛው “ተጠየቅ” ነው፤ ሥርዓት ያለውን አስተሳሰብ “ተጠየቃዊ” የምንለው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያው ቃል አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ምክንያትን ከምክንያት ጋር ሲያያይዝ ያሳየኛል። በሁለተኛው ቃል ውስጥ ግን ብቻውን የተቀመጠ ሰው የለም፤ ሁለት ተሟጋቾች፣ አንድ ዳኛ፣ ዙሪያውን የከበበ ሰሚ አለ። ለካስ እነዚህ ሁለት ቃላት የሰው ልጅ ስለ ማሰብ ባሰበ ጊዜ ፊቱ ያቆማቸው ሁለት ትልልቅ አርአያዎች ኖረዋል። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት የእነዚህን የሁለቱን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የመጀመሪያው አርአያ አገሩ ግሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው አሪስቶትል አንድ አስገራሚ ነገር አስተዋለ። የአንዳንድ ንግግር እውነትነት ከሚናገርለት ነገር ሳይሆን ከንግግሩ ቅርጽ የሚመጣ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የሚደጋግሙትን ምሳሌ እንውሰድ፦ ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሶቅራጥስ ሟች ነው። በ“ሰው” ፋንታ ወፍ፣ በ“ሟች” ፋንታ ክንፋም ብንተካ ማሰሪያው አይላላም። ሁለቱን መነሻዎች የተቀበለ ሰው መደምደሚያውን እምቢ ማለት አይችልም። ከአሪስቶትል ሞት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ 300 ዓመተ ዓለም ገደማ፣ ዩክሊድ በእስክንድርያ ሆኖ በ13 መጻሕፍት ጂኦሜትሪን በዚህ መንፈስ አነጸው። ከጥቂት ትርጓሜዎች፣ ከአምስት መነሻ ሕግጋትና ከጥቂት የጋራ እውነቶች ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ማንም ሊያፈርሰው የማይችል የሚመስል ግንብ ሠራ።

እኔም በልጅነቴ ያንን ግንብ አይቼዋለሁ። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ሥለው፣ የሦስቱ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑን ደረጃ በደረጃ ካስረዱ በኋላ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ሲያራግፉ፣ የሰማይ በር የተከፈተልኝ ይመስለኝ ነበር። በቤታችን ውስጥ ማብቂያ የሌለው ክርክር ነበረ፤ እዚህ ግን ክርክር የሚያበቃበት ሥፍራ አገኘሁ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም አልተሳደበም፤ ሆኖም ሁላችንም ተረታን፤ በመረታታችንም ደስ አለን።

ይህ ደስታ ብዙ ታላላቅ ሰዎችን ማርኳል። ዴካርት በ1637 ባሳተመው መጽሐፉ የጂኦሜትሪ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ረጅም የምክንያት ሰንሰለት የሰውን ዕውቀት ሁሉ ሊያስር ይችላል ብሎ ተስፋ አደረገ። ስፒኖዛ በ1677 የታተመውን “ሥነ ምግባር” የተባለ ሥራውን ልክ እንደ ዩክሊድ በትርጓሜ፣ በመነሻና በማረጋገጫ ከፋፍሎ ጻፈው። ላይብኒትዝም ሁለት ፈላስፎች ሲከራከሩ ብዕር አንሥተው እንደ ሒሳብ በማስላት ብቻ የሚታረቁበት ቀን እንደሚመጣ አለመ። ሙግት የሚባል ነገር ከምድር ላይ ሊጠፋ ነበር ማለት ነው።

አሪስቶትል ራሱ ግን እንዲህ አላለም ነበር። ከሒሳብ ሰው “ምናልባት” የሚል ማስረጃ መቀበልም ሆነ፣ ከሸንጎ ተናጋሪ የሒሳብ ማረጋገጫ መጠየቅ እኩል ስሕተት መሆኑን አስጠንቅቋል። እንደ ሕንፃ የሚታነጸውን ማስረጃ ካስተማረበት መጽሐፍ ሌላ፣ በአደባባይ ስለሚደረግ ክርክርና ስለ ንግግር ጥበብም ጽፏል። የኋለኞቹ አንደኛውን አንግሠው ሁለተኛውን እንደ እንጀራ ልጅ ቈጠሩት እንጂ፣ እርሱ ሁለቱንም ልጆቹን ያውቃቸው ነበር።

ግንቡም በኋላ ተሰነጠቀ። የዩክሊድ አምስተኛው መነሻ፣ ስለ ትይዩ መስመሮች የሚናገረው፣ ከአራቱ ይልቅ ውስብስብ በመሆኑ ሊቃውንት ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ከሌሎቹ ሊያወጡት ታገሉ፤ አልሆነም። በ1829 ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ፣ በ1832 ሃንጋሪያዊው ቦያይ፣ ያንን መነሻ በሌላ ተክተው እርስ በርሱ የማይጋጭ ሌላ ጂኦሜትሪ ሠሩ። በዚያኛው ጂኦሜትሪ የሦስት ማዕዘን ድምር ከ180 ያንሳል። አንስታይን በ1915 የስበትን ነገር ባስረዳ ጊዜም የተጠቀመው ከዩክሊድ የተለየውን ጂኦሜትሪ ነው። መምህሬ አልዋሹኝም፤ ሰንሰለቱ ልክ ነበር። ነገር ግን ሰንሰለት ምን ቢጠነክር የተንጠለጠለበት ችካል አለው። ችካሉን የተከለው ማን ነው? ለመነሻውስ ዋስ የሚሆነው ማን ነው? “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” የሚለው ያገራችን ተረት እዚህ ላይ ይመጣል። ጂኦሜትሪ ስለ ራሱ ሥር ሲጠየቅ ዝም ይላል። መልሱን ለማግኘት ወደ ሸንጎ መውጣት ግድ ነው።

እንውጣ እንግዲህ። በጥንቱ ሥርዓታችን ከሳሽ ባላጋራውን በመንገድ ላይ ቢያገኘውና “በሕግ አምላክ!” ቢለው ያ ሰው ይቆማል። የሁለቱ የነጠላ ጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ። የአገር ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ መንገደኛው ሁሉ ሰሚ ይሆናል። ተሟጋቹ “በላ ልበልሃ!” ይላል፤ በቃሉ መተማመኑን ለማሳየትም በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳል። በንጉሥ ችሎት ደግሞ አስተያየት መስጠት የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነበር፤ ታላቁ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው ስለ ማሰብ አንድ ትልቅ ምሥጢር ገብቶታል እላለሁ። ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ያየውን ሳይሆን የሰማውን ይደግማልና።

ይህን ስል ግን የአባቶችን ሥራ ሁሉ ለማሞገስ አይደለም። በዚያው አገር “ሌባ ሻይ” የሚባል ነገርም ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና በገመድ እየተመራ በመንደሩ ሲንገዳገድ፣ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል። ያ ምስኪን ማንን “ተጠየቅ” ይበል? ልጁን? መጠጡን? የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት አንዱ የኋላ ቀር፣ ሌላው የሥልጡን መሆኑ አይደለም፤ በአንደኛው ማስረጃው ይጠየቃል፣ በሁለተኛው አይጠየቅም።

የዚህ ሸንጎ አምሳል “ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ” በተባለው የግእዝ መጽሐፍ ውስጥም አለ። መጽሐፉ እንደሚለው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተነሣው የሃይማኖት ሁከት ከአክሱም የሸሸ አንድ የተማረ ሰው በዋሻ ውስጥ ብቻውን ሁለት ዓመት ይቀመጣል። እዚያ ሆኖ የሚያስጨንቀው ነገር ይህ ነው፦ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት እውነት ነው ይላል፤ ሰው ሁሉ ከሳሽና ተከሳሽ ከሆነ ዳኛው ከወዴት ይምጣ? ዴካርት በጥርጣሬው ውስጥ የፈለገው የማይናወጥ ድንጋይ፣ የግንብ መሠረት ነበር። የዋሻው ሰው የሚፈልገው ግን ዳኛ ነው። ያገኘውም ፈጣሪ በሰው ሁሉ ውስጥ ያኖረውን ልቡና ነው።

የሚገርመው፣ ይህ መጽሐፍ ራሱ ከተከሰሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከኢትዮጵያ ወደ አንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው። ኤኖ ሊትማን በ1904 አሳተመው። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ “የመጽሐፉ ደራሲ ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ጁስቶ ራሱ ነው” ሲል ከሰሰ፤ ከማስረጃዎቹ አንዱ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ ማለፉ ነበር። ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር በ1970ዎቹ ቋንቋውንና ሐሳቡን መርምረው ለዘርዓ ያዕቆብ ቆሙ። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሞ ክርክሩ እንደገና ሞቀ። መዝገቡ ዛሬም አልተዘጋም።

ስለዚህ ሙግት የእኛን ሰው ሳዳምጥ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ብዙዎቻችን መጽሐፉ የእኛ መሆኑን የምናምነው ማስረጃውን መዝነን ሳይሆን ስለምንኮራበት ነው፤ በተቃራኒው ወገንም “ከአፍሪካ እንዲህ ያለ ሐሳብ አይወጣም” ከሚል ንቀት ተነሥቶ የፈረደ አይጠፋም። ኩራትም ንቀትም በምስክርነት ሊቆሙ አይገባም። ደግሞስ “ማን ጻፈው?” እና “የተጻፈው ልክ ነው?” ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው። አንዱን መርታት ሌላውን መርታት አይደለም። “በቅሎ፣ አባትሽ ማነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች” የተባለው ለተጠየቁት ሳይሆን ለሚመቻቸው ለሚመልሱ ሁሉ ነው።

ወደ ሳይንስ ስንሻገር የሸንጎው አምሳል ይከተለናል። በ1620 አዲሱን የምርምር መንገድ ያወጀው ፍራንሲስ ቤከን በሙያው የሕግ ሰው፣ በሹመቱ የእንግሊዝ ከፍተኛው ዳኛ ነበር። (በዓመቱ፣ በ1621፣ ጉቦ በመቀበል ተከስሶ አምኖ ከሹመቱ መውረዱ የታሪክ ስላቅ ነው።) ካንትም በ1787 ዓ.ም. በታተመው የመጽሐፉ መቅድም ላይ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪ መምህሩ የሚለውን ሁሉ እንደሚቀበል ተማሪ ሳይሆን፣ ምስክሮችን ላቀረበላቸው ጥያቄ እንዲመልሱ እንደሚያስገድድ ዳኛ መሆን አለበት አለ። እንግዲህ ከዩክሊድ ግንብ ወጥተን ሳናውቀው ችሎት ገብተናል። እዚህ ችሎት ውስጥ የሚፈረደው በሰው ነፍስ ላይ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1840ዎቹ በቪየና ታላቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። ከ1841 እስከ 1846 ባሉት ዓመታት በአንደኛው ክፍል ከመቶ እናቶች ዐሥር ያህሉ በአራስ ትኩሳት ሲሞቱ በሁለተኛው የሚሞቱት አራት ያህል ነበሩ። ከተማው ይህን ያውቅ ነበር። እናቶች ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይወስዷቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ወጣት ሃንጋሪያዊ ሐኪም ይህን ማየት አልቻለም። እያንዳንዱን የተባለ ምክንያት ከችሎት አቆመው። የአየር መበከል ነው? ሁለቱም ክፍሎች የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። መጨናነቅ ነው? የበለጠ የተጨናነቀው ሁለተኛው ነው። ለሟች ጸሎት የሚመጣው ቄስ ቃጭል የሚያስደነግጣቸው ይሆን? ቄሱ መንገድ እንዲለውጥ ተደረገ፤ ሞቱ አልተለወጠም። እናቶቹ በጎናቸው ተኝተው እንዲወልዱ ተደረገ፤ አሁንም አልተለወጠም።

በመጋቢት 1847 ኮሌችካ የተባለ የሥራ ባልደረባው አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላ ተወግቶ ሞተ። ዜመልቫይስ የአስከሬኑን ምርመራ ውጤት ባነበበ ጊዜ ክው አለ፤ በሽታው የአራሶቹ በሽታ ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት አስከሬን እየመረመሩ፣ በዚያው እጃቸው እናቶችን ይመረምራሉ፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። በግንቦት ወር ሁሉም እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ፤ በ1848 የሁለቱ ክፍሎች ሞት እኩል ለመሆን በቃ።

በዩክሊድ ዓለም ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በቪየና ግን አላበቃም። ብዙዎቹ የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ጥፋቱ የማን ነው? በከፊል የእነርሱ ነው፤ “ገዳዮቹ የእናንተ እጆች ናቸው” የሚል ክስ ለመስማት ቀላል አይደለም፤ “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይባላል፣ የተማረ ሰውም አንዳንድ ጊዜ እንደዚያው ነው። በከፊል ግን የራሱ የዜመልቫይስ ነው። መጽሐፉን ያወጣው ነገሩን ካገኘ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1861 ነው። ሲቃወሙት ጊዜም መልስ በመስጠት ፋንታ በግልጽ ደብዳቤዎች ፕሮፌሰሮችን ነፍሰ ገዳዮች እያለ ጻፈባቸው። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ቤት፣ በ47 ዓመቱ፣ ከቁስል በተነሣ መርዘት ሞተ፤ ዕድሜውን ሁሉ ከተዋጋው በሽታ ጋር የሚዛመድ ሞት። እርሱ ሲረታ የሞቱትን እናቶች ቍጥር የሚያውቅ የለም።

ይህን ሙግት እንድረዳው የረዳኝ በ1958 የታተመ አንድ መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊው ስቲቨን ቱልሚን በዚያ ዓመት ስለ ክርክር አጠቃቀም ባሳተመው ሥራው፣ ፈላስፎች ጂኦሜትሪን አርአያ ማድረጋቸውን ትተው የችሎትን ሥርዓት እንዲመለከቱ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ፔሬልማን ከኦልብረክትስ-ቲቴካ ጋር በፈረንሳይኛ ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። የቱልሚንን መጽሐፍ የአገሩ ፈላስፎች በበጎ ዓይን አላዩትም፤ በሌላው ዓለም ግን የንግግርና የክርክር መምህራን እንደ ዳዊት ደገሙት።

ቱልሚን እያንዳንዱን ክርክር እንደ ሙግት ፈታው። አቤቱታ አለ፤ አቤቱታው የቆመበት ማስረጃ አለ። ከማስረጃው ወደ አቤቱታው የሚያሻግር ሌላ ነገርም አለ፤ እኔ በአማርኛ “ዋስ” እለዋለሁ። ዋሱም ደግሞ “አንተስ ማን ነህ?” ሲባል የሚጠቅሰው መደገፊያ ያስፈልገዋል። በመጨረሻም አቤቱታው የቱን ያህል እርግጠኛ እንደሆነና በምን መቃወሚያ ሊፈርስ እንደሚችል መነገር አለበት። ምሳሌው ቀላል ነው። ሃሪ ቤርሙዳ ተወለደ፤ ስለዚህ የእንግሊዝ ዜጋ ሳይሆን አይቀርም። ዋሱ ምንድን ነው? ቤርሙዳ የተወለደ በአብዛኛው የእንግሊዝ ዜጋ ነው የሚለው ነው። መደገፊያው ሕጉ ነው። መቃወሚያው ደግሞ ወላጆቹ የውጭ ሰዎች ከሆኑ፣ ወይም እርሱ ዜግነቱን ለውጦ ከሆነ የሚለው ነው።

በዚህ መነጽር ወደ ቪየና ልመለስ። ዜመልቫይስ አቤቱታ ነበረው፤ ማስረጃውም እንደ ፀሐይ የበራ ነበር። የጎደለው ዋስ ነው። በዓይን የማይታይ የአስከሬን ቅንጣት እንዴት ሰው ይገድላል? ይህን የሚያስረዳ ዕውቀት ገና አልተወለደም ነበር። ፓስተርና ኮክ የረቂቃን ተሕዋስያንን ነገር ሲገልጡ ዋሱ መጣ፤ ተበዳዩ ግን አልደረሰበትም። ባላጋራዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ዋስ መጠየቃቸው ልክ ነበር። ኃጢአታቸው ዋስ እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አለመታጠባቸው ነው። ዋስ የሌለው አቤቱታ ሁሉ ውሸት አይደለምና፣ እየጠየቁም መጠንቀቅ ይቻል ነበር።

ለመሆኑ ሳይንስ ከሌላው ሸንጎ የሚለየው በምንድን ነው? በዚያችው በቪየና ከተማ በ1902 የተወለደው ካርል ፖፐር አንድ መልስ ሰጥቷል። እውነተኛ የሳይንስ ሐሳብ “ይህ ከታየ እኔ ተረታሁ” ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። አንስታይን የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ቍጥሩን ቈርጦ ተናግሮ ነበር። ግንቦት 29 ቀን 1919 ፀሐይ በጨለመች ጊዜ የእንግሊዝ ቡድኖች በብራዚል ሶብራልና በፕሪንሲፔ ደሴት ሆነው ለኩት፤ ውጤቱም ለእርሱ መሰከረ። ባይመሰክር ኖሮ ሐሳቡ በአደባባይ ይረታ ነበር። ይህ ከፍልስፍና ቋንቋ ወደ አያቴ ቋንቋ ሲመለስ “ልጠየቅ!” ማለት ነው።

ነገር ግን ይህም እንደ ጂኦሜትሪ ያለቀለት ሕግ አይደለም። ኡራኑስ የተባለችው ፈለክ በኒውተን ሕግ መሠረት መሄድ ባቃታት ጊዜ ሌቬሪዬ ኒውተንን አልከሰሰም፤ የማትታይ ሌላ ፈለክ ትኖራለች ብሎ ቦታዋን አሰላ። በ1846 ኔፕቲዩን በተባለችበት አካባቢ ተገኘች። ይኸው ሰው በ1859 ሜርኩሪም መንገድዋን ስታዛንፍ ባየ ጊዜ በዚያው መንገድ አሰበና ሌላ የማትታይ ፈለክ አለች አለ፤ ቩልካን የሚል ስምም ወጣላት። ሊቃውንት ለዐሥርት ዓመታት ፈለጓት፤ አልተገኘችም፤ የለችምና። በዚህኛው ጥፋተኛው የኒውተን ሕግ ነበር፤ ይህም በ1915 በአንስታይን ታወቀ። አንድ ዓይነት ሰው፣ አንድ ዓይነት ምክንያት፣ አንድ ጊዜ ረታ፣ አንድ ጊዜ ተረታ። የትኛው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚናገር ቀመር የለም። ያለው ሸንጎውን ክፍት ማድረግ ነው። ሳይንስን የሚያስከብረው ተከራካሪዎቹ ቅዱሳን መሆናቸው አይደለም። በየትኛውም አገር ያለ፣ ማዕረግ የሌለው ሰው፣ ምስክሩን እንደገና ጠርቶ መጠየቅ መቻሉ፣ ይግባኙም ጊዜ የማያልፍበት መሆኑ ነው።

አሁን ያቆየሁትን የአያቴን ሙግት ልንገራችሁ።

ባረፉበት ዓመት፣ አንድ ማታ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩት። በጎልማሳነታቸው ለአንድ ባለጸጋ በወሰን ክርክር ቆመው ነበር። ባላጋራዋ አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ናት። የወሰኑ ድንጋይ ከወንዙ ማዶ ነበር ትላለች፤ ድንጋዩ ግን የለም። አያቴ “ተጠየቂ!” አሏት። ድንጋዩን ያየ ማን አለ? ባሌ። ባልሽ ወዴት አለ? ዝም። ሰሚው ሳቀ፤ ዳኛው ፈረደ፤ አያቴም የተወራረዱበትን ማር ተቀበሉ። ከሦስት ክረምት በኋላ ጎርፍ የወንዙን ዳር ሲንደው ድንጋዩ ወጣ፤ እርሷ ባለችበት ሥፍራ። ሲፈልጓት ልጆችዋን ይዛ ከአገር ወጥታለች፤ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው አላገኙም።

“አንደበቴ ረታ” አሉን፤ “እርሷ እውነት ነበራት፣ አንደበት አልነበራትም። እኔ ያን ቀን ተጠየቂ ስላት፣ እስቲ እኔም ልጠየቅ ብል ኖሮ፣ ድንጋዩ ወዴት ሊሄድ ይችላል ብዬ አንድ ጊዜ ዶማ አስይዤ ወንዙ ዳር እወርድ ነበር።” ከዚያ ዝም አሉ። በዚያ ማታ ከመደቡ አልተነሡም፤ ነጠላቸውንም አላደገደጉም።

ከዚያ ወዲህ አንድን ክርክር ሳነብ፣ የፈላስፋም ይሁን የሐኪም፣ ወይም የራሴን ጽሑፍ፣ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሰንሰለቱ ልክ ነው? ይህን ያስተማሩኝ የጂኦሜትሪ መምህሬ ናቸው። ቀጥሎም፣ ዝም ያለው ወገን ዝም ያለው ስለተሳሳተ ነው ወይስ ዋስ ስላጣ? ይህን ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት አንዳንድ ጊዜ ከወንበር ተነሥቶ፣ ዶማ ይዞ፣ ወንዙ ዳር መውረድ ያስፈልጋል።

እኔም በዚህ ጽሑፍ ያልሁት ሁሉ ከሸንጎው ፊት ነው። የተሳሳትሁበት ቢኖር፣ ልጠየቅ።